የጓሮ ዋልነት ሲጠቁር፣ ሲመርና ሲሻግት፦ ችግሩና መፍትሄው

መስከረም አጋማሽ ላይ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። እዚህ ሳክራሜንቶ ዙሪያ ቤት የገዛ ሐበሻ ብዙ ነው። ከቤቱ ጋር የዋልነት ዛፍ የተረከበውም ጥቂት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የሚቀርበው ዋልነት ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚወጣው ከዚሁ ከካሊፎርኒያ ሸለቆ ስለሆነ፣ ዛፉ በየጓሮው ቢገኝ አይገርምም። የሚደውሉልኝ ሰዎች የሚሉት በየዓመቱ አንድ ነው፦ «ሰብረን ስናየው ውስጡ ጥቁር ነው፤ ይመራል። ዛፉ ታሟል መሰለኝ፤ እንቁረጠው ወይ?»

እባካችሁ አትቁረጡት። አብዛኛውን ጊዜ ዛፉ ምንም አልሆነም። ዋልነቱ የተበላሸው ከዛፍ ከወረደ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት፣ በእኛው እጅ ነው።

ስለ ቃላቱ እንግባባ። ከውጭ ያለው ወፍራም አረንጓዴ ነገር ልጣጭ ነው። በሱ ውስጥ ያለው እንጨት የመሰለው ቅርፊት ነው። የምንበላው ፍሬ ነው። ፍሬው ላይ የተለጠፈችው ስስ ቆዳ ደግሞ ገለፈት ናት። ይህቺን ገለፈት አትርሷት፤ ወጥ ቤት ስንገባ ታስቸግረናለች።

ፍሬው ጠቁሯል፣ ይመራል፣ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል

ዋናው ችግር ይህ ነው። ምክንያቱ ሦስት መልክ አለው፤ ሥሩ ግን አንድ ነው፦ እርጥበቱ አልወጣም፣ ወይም በሙቀት እንዲወጣ ተገዷል።

ዋልነት ከዛፍ ሲወርድ የደረቀ ይመስላል። አይደለም። ቅርፊቱ ደረቅ እንጨት ቢመስልም ብዙ ጊዜ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ውሃ ነው። ሳይበላሽ እንዲቀመጥ ይህ ውሃ ወደ 8 በመቶ መውረድ አለበት። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያሉት ቀናት ናቸው ሁሉን ነገር የሚወስኑት።

የመጀመሪያው ጥፋት መሬት ላይ ማቆየት ነው። «ቅዳሜ እንለቅመዋለን» ይባላል። ሰኞ የወደቀ ዋልነት ቅዳሜ ድረስ ሣር ውስጥ ይተኛል። ሣሩ በየማታው ውሃ ይጠጣል። አረንጓዴው ልጣጭ ጠቁሮ ይላሽቃል፤ ጥቁሩ ጭማቂ በቅርፊቱ መገጣጠሚያ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ደግሞ ሙቀቱ ብቻውን ፍሬውን ያጠይመዋል። በመከር ጊዜ በየቀኑ ልቀሙ። ማታ ከሥራ ስትገቡ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሁለተኛው ጥፋት ፌስታል ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

አንድ የማከብራቸው ጋሼ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ከልጆቻቸው ጋር ለቅመው፣ አምስት ትልልቅ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ሞልተው፣ አፉን ጥብቅ አድርገው አስረው ጋራዥ ውስጥ ደረደሩት። ልጣጩ እንኳ በደንብ አልተላጠም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት «ሽታ አለው፣ ና እስቲ እየው» አሉኝ። ጋራዡ ሲከፈት የጠላ ጋን የተከፈተ ነው የመሰለኝ። አንዱን ፌስታል ፈትቼ እጄን ከተትኩ። ይሞቃል። እንደ ቦካ ሊጥ ይሞቃል። ከመሀል ያወጣሁት ዋልነት ቅርፊቱ ላይ ነጭና አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል። ሰበርኩት፤ ፍሬው ጥቁርና ረጠብ ያለ፣ ሲጫኑት የሚለጠፍ ነበር። ጋሼ «ኦቭን ውስጥ ብናደርቀው አይድንም?» አሉ። አይድንም። አምስቱንም ፌስታል ጣልነው።

ለምን አይድንም? ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ሊያመርት ይችላል። በበርበሬና በለውዝ ምክንያት ስሙን ሁላችንም ሰምተናል። በተራ የማብሰል ሙቀት አይጠፋም። የሻገተውን ጎን ቆርጦ ቀሪውን መብላትም አያድንም። የሻገተ ዋልነት ይጣላል፤ በቃ። ሲጣል ደግሞ ውሻ በማይደርስበት ቦታ ይሁን። የሻገተ ዋልነት ውሻን የሚያንቀጠቅጥና ሊገድል የሚችል መርዝ ይይዛል። ውሻ ያላችሁ ሰዎች የወደቀውን በየቀኑ መልቀም ምርጫችሁ አይደለም፤ ግዴታችሁ ነው።

ሦስተኛው ጥፋት ችኮላ ነው። አንድ ባልና ሚስት ዋልነቱን አጥበው የመኪና መግቢያው ሲሚንቶ ላይ በፀሐይ አሰጡት። እንደ በርበሬ ማለት ነው። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ያደግነው እንደዚያ ነው። ዋልነት ግን በርበሬ አይደለም። ፍሬው ከግማሽ በላይ ዘይት ነው፤ ሲሚንቶውም ከታች ይጠብሰዋል። በሳምንቱ ሲሰበር ገለፈቱ ጥቁር ቡናማ፣ ፍሬው ዘይት ያላበው ሆኖ ተገኘ። አንዲት እህቴ ደግሞ ኦቭኗን መጨረሻ ዝቅ አድርጋ ከተተችው። የብዙ ኦቭን ዝቅተኛው ልክ 77 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የዋልነት ጣሪያ 43 ነው። ከዚያ ካለፈ ዘይቱ መበላሸት ይጀምራል፤ ዛሬ ባይታወቅ በሁለት ወሩ ሽታው ይመጣል።

መፍትሄው ቋንጣ ማስታወስ ነው። ቋንጣ የሚደርቀው ጥላ ውስጥ፣ በንፋስ፣ ሳይደራረብ ነው። ዋልነትም እንደዚያው።

እኔ የማደርገው ይኸው። በወረደበት ቀን ጓንት አድርጌ ልጣጩን እገፋለሁ። የደረሰ ከሆነ ልጣጩ ራሱ ተሰንጥቋል፤ በአውራ ጣት ሲገፉት ሙልጭ ብሎ ይወጣል። እምቢ ያለውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ አንድ ሁለት ቀን አቆየዋለሁ፤ ይለቃል። ጆንያ ነው ያልኩት፣ ፌስታል አይደለም። ከዚያ በባልዲ ውሃ ውስጥ በሻካራ ብሩሽ ቶሎ አሻሸዋለሁ። ብዙ ከሆነ ወንፊት ላይ አድርጌ በመኪና ማጠቢያው ፕሬሸር እመታዋለሁ። ውሃ ውስጥ አያድርም። በረኪናም አልጨምርም፤ ቅርፊቱ የተሰነጠቀ ካለ በረኪናው ፍሬው ድረስ ይገባል።

ማድረቂያዬ ልጅ ሆኜ ይርጋጨፌ ያየሁት የቡና አልጋ ነው። አራት እግር ያለው የእንጨት ፍሬም፣ ላዩ ላይ የተወጠረ የሽቦ ወንፊት፣ ቁመቱ እስከ ወገብ። ነፋስ ከላይም ከታችም ያገኘዋል። ልዩነቱ የቡናው አልጋ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ የዋልነቱ በረንዳ ጥላ ስር ነው። ዋልነቱን በአንድ ረድፍ እዘረጋለሁ፤ ቦታ ሲጠብ ቢበዛ በሁለት። ተራ ፋን ከጎን አበራበታለሁ። ጠዋትና ማታ በእጄ አገላብጠዋለሁ። ለሽኮኮ ከላይ ሌላ ወንፊት እከድንበታለሁ። ማታ ጤዛ ካለ ወደ ውስጥ ይገባል።

ስንት ቀን? እንደ አየሩ ነው፤ አንዳንዴ አራት ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት። ቀን አትቁጠሩ፤ ሰብራችሁ እዩ። በሁለቱ የፍሬ ክፋዮች መካከል ስስ ግድግዳ አለች። በጣት ስትታጠፍ ከተለመጠች ገና ነው። ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርሷል። ፍሬውም እንደዚያው፤ እንደ ጎማ የሚታጠፍ ከሆነ ገና ነው። ሚዛን ካላችሁ የበለጠ ቀላል ነው። አንድ ሰፌድ ሙሉ ለይታችሁ በየቀኑ መዝኑት። ባለፈው ዓመት 5 ኪሎ የነበረው የኔ ሰፌድ 4 ኪሎ ግድም ሲደርስ መቀነሱን አቆመ። ያኔ አነሳሁት።

መቼ እንደሚወርድም ልብ በሉ። ያንኑ ስስ ግድግዳ ከዛፍ ላይ በወረደ ዋልነት እዩት፤ ከነጭ ወደ ቡናማ ሲቀየር ፍሬው በቅቷል፤ ቀለሙም በጣም የሚነጣው ያኔ ነው። ልጣጩ የሚሰነጠቀው ከዚያ ዘግየት ብሎ ነው። እንደ ዝርያው ጊዜው ይለያያል። ዴቪስ ያለው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ቻንድለር ዘግይቶ፣ ጥቅምት መግቢያ ላይ ይደርሳል። ሰር የሚባለው ይቀድመዋል። የወደቀው ብቻ እስኪበዛ አትጠብቁ። ሸራ አንጥፉ፣ ቅርንጫፉን በረጅም ዘንግ አንቀጥቅጡት፣ ሁሉም ባንድ ቀን ይውረድ።

ልጣጩ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ውስጡ ትል አለ

ይህ ሁለተኛው ጥሪ ነው። ትሉን ሲያዩ ብዙዎች ሁሉን ይጥላሉ። ቆዩ፤ መጀመሪያ ትሉ የት እንዳለ እዩ።

ትሉ ልጣጩ ውስጥ ከሆነ፣ ነጭ ወይም ቢጫማና እግር የለሽ ከሆነ፣ የልጣጭ ዝንብ ልጅ ነው። የሚበላው ልጣጩን ብቻ ነው፤ ፍሬውን አይነካም። ጥቃቱ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የደረሰ ከሆነ ፍሬው ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ቅርፊቱ ብቻ ይጠቁራል፣ ልጣጩም ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። በብሩሽ ፍቁት፣ እጠቡት፣ አድርቁት። ሐምሌ ላይ የተጠቃው ግን ይጨማደዳል።

ትሉ አድጎ መሬት ይወርዳል፣ አፈር ውስጥ ይከርማል፣ በሚቀጥለው በጋ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የታመመውን ልጣጭ ዛፉ ስር መተው ለሚቀጥለው ዓመት ዘር መዝራት ነው። ሰብስባችሁ በታሰረ ፌስታል ወደ ቆሻሻ። ፌስታል የምፈቅደው እዚህ ብቻ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ዛፉ ስር ሸራ ማንጠፍም ትሉ አፈር እንዳያገኝ ያግዛል። መድኃኒት ካስፈለገ ስፒኖሳድ ያለበት ማጥመጃ አለ። ትልቅ ዛፍ ላይ መሰላል ሰቅላችሁ ግን አትውጡ፤ ባለሙያ ጥሩ።

ትሉ ፍሬው ውስጥ ገብቶ፣ ድርና ኩስ ሞልቶት፣ የትሉ ጭንቅላት ቡናማ ከሆነ የእሳት ራት ዓይነት ነፍሳት ልጅ ነው። ያ ዋልነት ይጣላል።

ጸደይ ላይ ገና ትንሽ ሳለ ጫፉ ጠቁሮ ከረገፈ ባክቴሪያ ነው፤ ዝናብ ሲበዛ ይመጣል፣ ቅጠል ሲወጣ መዳብ ያለበት መድኃኒት ይረጫል። በፀሐይ በኩል ብቻ ያለው ልጣጭ ቢጫ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ በፀሐይ ተቃጥሏል።

ቅርፊቱ ትልቅ፣ ፍሬው ኩምትር ያለ ነው

ውሃ። ቅርፊቱ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ መጠኑ አይጨምርም። ፍሬው የሚሞላው በሰኔና በሐምሌ፣ እስከ ነሐሴ ነው። በነዚህ ወራት እዚህ ዝናብ የለም። ሣሩ የሚጠጣው ውሃ ለትልቅ ዛፍ አይበቃም፤ ከላይ ከላይ ነው የሚያርሰው። በቀስታና በጥልቀት፣ ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ፣ ቅርንጫፉ እስከሚያጠላበት ዳር ድረስ አጠጡ። ግንዱ ሥር ውሃ አታቁሩ፤ ይበሰብሳል።

ሲሰበር ይደቃል

በየሱቁ የሚሸጠውን ሁለት እጀታ ያለውን ርካሽ መስበሪያ ተዉት። ቀጭን ብረቱ በሁለተኛው ወር ይጎብጣል፤ ጎን ለጎን ስለሚጨምቅም ፍሬውን ዱቄት ያደርገዋል። መዶሻ ይሻላል። ዋልነቱን በሰፊው ግርጌ አቁሙት፣ በሾጣጣው ጫፍ ላይ ኮት ኮት አድርጉት። በመገጣጠሚያው በኩል ይከፈታል፤ ፍሬው በሁለት ሙሉ ክፋይ ይወጣል። በጣም ደርቆ የሚደቅ ከሆነ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጠዋት ስበሩት፤ ከዚያ ፍሬውን መልሳችሁ አድርቁ።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ የናንተ ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ዋልነት ነው። ቅርፊቱ ድንጋይ ነው። ልጣጩን ካወለቃችሁ በኋላ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ የሚንሳፈፈው ባዶ ነው። ከደረቀ በኋላ በጠረጴዛ ላይ በሚታሰር የብረት መቆንጠጫ ቀስ ብላችሁ ጨምቁት። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ ስብርባሪው ይፈናጠራል።

እጅ ጠቁሯል፤ ቲማቲሙና ቃሪያው ጠውልጓል

የልጣጩ ጭማቂ እጅን እንደ እንሶስላ ይይዛል። ሎሚም በረኪናም አያስለቅቀውም፤ ቆዳው ራሱ እስኪታደስ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። አንዲት እናት በክርስትና ድግስ ዋዜማ ያለ ጓንት ልጠው ድግሱን ሙሉ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ዋሉ። ወፍራም የጎማ ጓንት፣ አሮጌ ልብስ።

ዛፉ ጁግሎን የሚባል፣ አጠገቡ ያሉ ተክሎችን የሚጎዳ ነገር አለው። ጥቁሩ ዋልነት ላይ ይብሳል፤ እዚህ ያሉት የጓሮ ዛፎችም ብዙዎቹ በጥቁር ዋልነት ወይም በድቅሉ ሥር ላይ ተጣብቀው ያደጉ ናቸው። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንችና ጎመን አይወዱትም። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ በቆሎና ባቄላ ይችሉታል። ልጣጩን ለጎመን መደብ ማዳበሪያ አታድርጉ። ጓሮው ጠባብ ከሆነ ቃሪያውን በትልቅ ሳጥን፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ።

ደርቆ ነበር፤ አሁን የከረመ ዘይት ወይም ቀለም ይሸታል

ዘይቱ ተበላሽቷል። ምድጃ አጠገብ፣ በብርጭቆ ማሰሮ፣ ለጌጥ ተደርድሮ ስንቱን አየሁ። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ጠላቶቹ ናቸው። ከነቅርፊቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ አየር በሚገባበት ከረጢት ይቀመጥ። የተፈለፈለው አየር በማያስገባ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ፤ ለዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ። ከሽንኩርትና ከዓሣ አርቁት፤ ሽታ ይስባል። የሸተተውን በስኳር ወይም በበርበሬ ለመሸፈን አትሞክሩ።

ሲጋገር፣ ሲፈጭ፣ ሲወጠወጥ

ድፎ ዳቦው ሐምራዊ ከሆነ አትደንግጡ፤ ከገለፈቱ የወጣ ቀለም ነው፣ አይጎዳም። ሶዳ ካለበት ይብሳል። ዋልነቱን ቀድማችሁ ቁሉትና ሊጡ ታሽቶ ካለቀ በኋላ ጨምሩ።

ሲቆላ በ175 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። በምጣድ ከሆነ በዝግታ፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ። ከውስጥ ቀለል ያለ ወርቃማ ሲሆን አውጡት፤ ከወጣ በኋላም በራሱ ሙቀት ትንሽ ይበስላል። ቆሎ ውስጥ ቀድማችሁ አትቀላቅሉት፤ ይለሰልሳል፣ ዘይቱም ገብሱን ያሸተዋል። ሊበላ ሲል ብቻ።

ለጾም እንደ ሱፍ ፍትፍት ልሠራው ብላችሁ ከመረረ፣ ጥፋተኛዋ ገለፈት ናት። የፈላ ውሃ አፍሱበት፣ አንድ ደቂቃ ይቆይ፣ ውሃውን ድፉት። ውሃው ሻይ መስሎ ይወጣል፤ ያ ነው ምሬቱ። በንጹህ ፎጣ አሽታችሁ የተላቀቀውን ገለፈት አንሱ፣ ቀስ ብላችሁ ቁሉት፣ በለብታ ውሃ ፍጩት፣ አጥልሉት። ጨው፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቁርጥራጭ እንጀራ። አንድ ነገር አደራ፦ ፍትፍት ውስጥ ዋልነት አይታይም። የዋልነት አለርጂ ሰው ሊገድል ይችላል። ለእንግዳ ከማቅረባችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ልጆች ካሉ ደግሞ ወላጆቻቸውን ጠይቁ።

ኢራናውያን ጎረቤቶች ያሉን ሰዎች ፌሴንጃን ተምረናል፤ በተፈጨ ዋልነትና በሮማን ሽሮፕ የሚሠራ የዶሮ ወጥ ነው። ሐበሻ ሲሠራው የሚሳሳተው በአንድ ነገር ነው፦ ይቸኩላል። ጥሬ ጥሬ የሚል፣ ዱቄት የመሰለ ወጥ ይወጣል። ለቁሌት የምትሰጡትን ትዕግሥት ስጡት። ዋልነቱ እንደ ሽሮ ዱቄት ይላም፣ ውሃ ይጨመርበት፣ በዝቅተኛ እሳት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ካስፈለገም ሁለት ሰዓት፣ እየተማሰለ ይብሰል። ታች ይይዛል፤ ከአጠገቡ አትራቁ። ዘይቱ አልወጣም ካለ ጥቂት በረዶ ጣል አድርጉበትና መልሳችሁ አሙቁት። ቀለሙ ጠቆር ብሎ ዘይቱ ከዳር ከዳር ብቅ ሲል፣ ያኔ ዶሮውንና የሮማኑን ሽሮፕ ጨምሩ።